እንቁላሏ ያልወደቀችበት ቶርኖ

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ፤ በሩ ጋ ነፋስ አለ። እግሩ የደከመ ይዘርጋ፣ ማንም አይቆጣውም። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጠርኩ፣ መደመርና መቀነስ ያዝኩ፣ ከዚያ ሥራ ገባሁ። ሥራዬም ውሃ ማፍሰስ ነበር። ግድ የለም፣ ሳቁ። እኔም ስጀምር ስቄያለሁ።

ቶርኖ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብረቱ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ይጠጋዋል፣ ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ እንደ ፍም ይግላል። እዚያች ቦታ ላይ ከዘይት ጋር የተበጠበጠ ውሃ ሳያቋርጥ የሚያንቆረቁር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት አፈሰስኩ። ብረት ቆራጯ ደግሞ ስንዱ ትባል ነበር። ታሪኩ የእሷ ነው፤ እኔ ቆርቆሮዬን ይዤ አጠገቧ ስለቆምኩ ብቻ ነው የማወራው።

የከተማዋን ስም ተዉት። ወንዝ ነበራት፤ የቶርኖውን መዘውር የሚያዞረውም ያው ወንዝ ነው። ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ነበራት። አንድ ሕግም ነበራት። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ሲባል ሰምታችኋል አይደል? በሌላ አገር ተረት ነው። በእኛ ከተማ ሕግ ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው። ማናቸውም መኪና ላይ ጠዋት አንድ ጥሬ እንቁላል ይቀመጣል። ማታ እንቁላሏ እዚያው ካለች መኪናው ጨዋ ነው። ከወደቀች ቤቱ ለሦስት ቀን ይታሸጋል። ሁለተኛ ከወደቀች ለአርባ ቀን። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ የሥራ ቤት አንዲት ዶሮ ያሳድግ ነበር። ልብስ ሰፊው እንቁላሏን እያየ ስለሚሰፋ ለሠርግ የታዘዘ ሱሪ ለክርስትና ይደርሳል። ወፍጮ ቤት ያለ አንድ ሰው እንቁላሏን በሊጥ አጣብቆ ተገኘ። ዶሮዋን ፊት ለፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት። ጠየቀ። ለጥቂት ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ሄደ፣ ከዚያ ተረሳ።

ሕጉን የሚያስከብሩት የእርጋታ ሹም ወንድይራድ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥጥ የተነጠፈበት ሣጥን ከብብታቸው የማይለይ ሰው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትፈርዱባቸው ብዬ ነው። በሹመት ዘመናቸው ከሰው እጅ አንዲት እንቁላል አልተቀበሉም፤ እንዲያውም ድሃ ቤት እንቁላል ሲሰበር ከራሳቸው ዶሮ አምጥተው ይተኩ ነበር።

አሁን ወደ ብረቱ ልምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ መንገደኛ ነጋዴ ቶርኖ ቤታችን ሁለት ብረት ትቶ ሄደ፤ አንድ ክንድ የሚሆን ወፍራም፣ አንድ ደግሞ ቀጭን ዘንግ። ወፍራሙን መጋዝ አልበላው፣ ሞረድ አልበላው፤ ጥግ ወድቆ ቀረ። ቀጭኑን ግን አጥፌ የማንቆርቆሪያ ማንጠልጠያ አደረግሁት። ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ሰቀልኩ። ውሃው ሲፈላ ማንጠልጠያው ቀስ ብሎ ቀጥ አለና ማንቆርቆሪያዬ አመድ ውስጥ ገባ። እንደገና አጠፍኩት። እንደገና ቀጥ አለ። ሦስት ማንቆርቆሪያ ካጎደጎደብኝ በኋላ “ቂመኛው” ብዬ ስም አወጣሁለት።

ስንዱ ግን አንስታ አየችው። በቀዝቃዛ እጇ አጠፈችው፣ ፍል ውሃ ውስጥ ነከረችው፣ ቀጥ ሲል ተመለከተች። አሥር ጊዜ አደረገችው፤ አሥር ጊዜ ቀጥ አለ። “ቂም አይደለም ጋሼ ላቀው” አለችኝ። “መጀመሪያ ምን እንደነበረ አይረሳም፣ ያ ነው።”

የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ባይላቀቅ ኖሮ ጨዋታው እዚያ ባለቀ።

ታችኛው ሰፈር ውሃ የሚደርሰው በአንዲት ቧንቧ ነበር። ቧንቧዋ የላይኛው ሰፈር የመብራት ጋዝ ከሚከማችበት ቤት ሥር፣ በድንጋይ መተላለፊያ ውስጥ ታልፋለች። በጋዙ ምክንያት እዚያ ውስጥ እሳት ሊገባ አይችልም፤ ኩራዝ እንኳ ክልክል ነው፤ ጨለማ ነው። እና አንድ ቀን እዚያ ውስጥ ሁለት የቧንቧ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ተላቀቀ። በጨርቅ አሰሩት፣ በቆዳ አሰሩት፣ አልያዘም። ቀጥቃጩ በእሳት አያይዘዋለሁ ቢል ጋዙ አለ። የጋዙ በርሜሎች ከዚያ ቤት ለምን አልተነሱም ትሉኝ ይሆናል። ማንሳት ይቻል ነበር። ግን ጋሪውም ላይ እንቁላል ስለሚቀመጥ ሸንጎው አሥራ አንድ ወር ይፈጃል ብሎ አሰላ። ስለዚህ ታችኛው ሰፈር በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሃ ካላገኘ ሰዉ ቤቱን ለቆ ወደየዘመዱ እንዲበተን ተወሰነ። ውሳኔው ራሱ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ ዘጠኙ ቀን ግን ከሠላሳው ተቀነሰ።

የስንዱ እናት እማማ ደብሪቱ የታችኛው ሰፈር ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። ግን እንደሳቸው ሰፈሩን የሚያይ አልነበረም። ከደጃቸው ሦስተኛዋ ድንጋይ እንደምትወዛወዝ፣ የማን ግድግዳ ጠዋት እንደሚሞቅ፣ የማን አጥር እሾህ እንዳለው በእግራቸውና በመዳፋቸው ያውቁታል። ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ብቻቸውን ይገባሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ውሳኔው ሲነበብ ሰዉ አጉረመረመ። እሳቸው ለስንዱ አንድ ነገር ብቻ አሏት። “ሌላ ሰፈር ከወሰድሽኝ ሁለተኛ መታወሬ ነው፤ የፊተኛውን ችያለሁ፣ ይሄን ግን እንጃልኝ።”

ስንዱ በማግሥቱ ቶርኖ ቤት ገብታ ወፍራሙን ብረት ከጥግ አወጣችው። ሐሳቧን ስትነግረኝ እንደ ቀላል ነገር ነበር የነገረችኝ። ከዚህ ብረት ከቧንቧዋ ጥቂት የሚጠብ ቀለበት እቆርጣለሁ፤ ቀዝቃዛ እንዳለ በግድ አስፍቼ ሁለቱ ጫፎች ላይ አጠልቀዋለሁ፤ ፍል ውሃ ሲፈስበት ጠባብነቱ ትዝ ይለውና ጨምድዶ ይይዛል፤ እሳት አያስፈልግም፣ አለች። እኔም እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ብዬ ተደነቅሁ። መቁረጡ እንደማይቻል ግን ረስቼው ነበር።

እንደ ሕጉ ቀስ አድርጋ ጀመረች። ሹሙም እንቁላሏን በእጃቸው አስቀምጠው በር ላይ ቆሙ። ስለቱ አንዴ ነከሰ፤ በሁለተኛው ዙር ተንሸራተተ፤ በሦስተኛው እንደ ድመት ጮኸ። በዝግታ ባሸው ቁጥር የብረቱ ቆዳ ይደድራል፤ መቆፈሪያ የለመደ መዳፍ ታውቁ የለ፣ እንደዚያ። ሁለት ስለት እስኪሸረፍ ስድስት ቀን ሄደ። ሦስተኛውን አሰረች። መኪናው ከእግሩ እስከ ራሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን ጊዜ እንቁላሏ ወዲያና ወዲህ እያለች፣ ቀስ በቀስ፣ በመኪናው ጀርባ ላይ ሄደች። አባቶቻችን አልዋሹም፤ ሄደች። ጫፉ ላይ ደርሳም ወደቀች።

እኔ ለማዳን ስሮጥ ረገጥኳት። አዳለጠኝና ያገኘሁትን ያዝኩ። የያዝኩት እጀታ ቀበቶውን ወደ ትንሿ መዘውር የሚያሻግረው ነበር። ያ የፍጥነት እጀታ ነው፤ ለሃያ ዓመት የነካው ስላልነበረ ሸረሪት ድሯን ሠርታበት ነበር። መኪናው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ሦስት እስክትቆጥሩ ያህል። ወዲያው መለስኩት። ሁሉም የሚያየው እንቁላሏን ስለነበር ስለ ጩኸቱ የጠየቀ የለም። ሹሙ የተሰበረውን በጥጥ ጠርገው አነሱ፣ በዝግታ አዘኑ፣ በዝግታ አሸጉን።

ሦስቱ ቀን ምንም አይደለም። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። እንቁላል ዳግመኛ ከወደቀ አርባ ቀን፤ ከውሳኔው የቀረን ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ነበር።

ስንዱ ብረቱን ይዛ ቤቷ ገባች። ማታ ልጠይቃት ሄጄ እናትየው ብረቱን ጭናቸው ላይ አጋድመው በጣታቸው ሲዳብሱት ደረስኩ። ሻካራ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ይላሉ። ድንገት ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

“ይቺን ማን ነው የሠራት?”

“እኔ ነኝ እማ፤ ሌላ ማን አለ?”

“አይደለሽም። ይሄ የሌላ ሰው እጅ ነው። እስቲ ንኪው፣ የሕፃን ጉንጭ ነው እኮ።”

ስንዱ ብረቱን ወደ ብርሃን አስጠጋችው። በዚያ ሁሉ ጠባሳ መሀል አንድ ጣት የምታህል ቦታ እንደ መስታወት ታበራለች። በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። ከዚያ ዞር ብላ እኔን ተመለከተችኝ፤ ዓይኔን አይደለም፣ እጄን።

“ጋሼ ላቀው፣ እጅጌዎ ላይ የሸረሪት ድር አለ።”

ተናዘዝኩ። ምን አደርጋለሁ። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ከስንት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። “ዝግታችን ነዋ ያደደረው” አለች። “እኛ ስናባብለው እሱ ይጠነክራል። ሳይደድር ቶሎ መቁረጥ ነው።” እማማ ደብሪቱም፣ “እግዜር የሚሠራው በአዋቂ እጅ ብቻ አይደለም፤ በሚያዳልጠውም ነው” ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ።

ማኅተሙ በተነሣ ቀን ስንዱ ራሷ ሹሙን ጠራቻቸው። ተደብቃ መሥራት ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። ዛሬ ትንሿን መዘውር እጠቀማለሁ ብላ በግልጽ ነገረቻቸው። ሹም ወንድይራድ ሣጥናቸውን ጠበቅ አደረጉት።

“ልጄ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ።”

“ሕጉ ምን ይላል ጌታዬ? ቃሉን ያንብቡልኝ።”

አነበቡ። እንቁላል የሚወድቅበት መኪና ችኩል ነው፣ እንቁላል ሳይወድቅ የሚቆይበት መኪና ዝግተኛ ነው ይላል። እዚያ ላይ ያበቃል።

“ስለ መዘውር አይልም” አለች ስንዱ።

“አይልም” አሉ ሹሙ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከዚያ ማሰብ ጀመሩ። የእርጋታ ሹም ስለሆኑ እስከ ቀትር አሰቡ፤ እኛም ቆመን ጠበቅን። በመጨረሻ ሣጥኑን ከፍተው ትልቋንና ድቡልቡሏን እንቁላል መርጠው አወጡ። “ከወደቀች አርባ ቀን ነው። እናትሽን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አርባ ቀን ነው።” ስንዱ ገብቶኛል አለች።

ልጆቼ፣ የዚያን ቀን እጇን ብታዩት። ብረቱን የመኪናው መንጋጋ ቆንጥጦ እንዳይዘው መጀመሪያ ጎኑ በተሰነጠቀ የናስ ቱቦ አለበሰችው፤ ይህ ብረት ቁንጥጫም ቢሆን አይረሳማ። ስለቱን ሦስት ጊዜ በጥፍሯ ሞከረች። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ባዶውን አዞረችው፣ አቆመችው፣ አንዲት ብሎን ጠበቅ አደረገች፣ እንደገና አዞረችው። ከዚያ እጀታውን ወደ ትንሿ መዘውር አሻገረችና፣ “ውሃ” አለችኝ።

ጩኸቱን የጠበቅሁት አስፈሪ አድርጌ ነበር። ስለቱ ሲገባ ግን ጩኸቱ ተሰበሰበና አንድ ድምፅ ሆነ፤ ንብ ቀፎ ውስጥ ስትሆን የምታሰማው ዓይነት። ፍቅፋቂው እሳት እየተፋ ይወረወራል፤ እኔ እደርስበታለሁ፣ አጠፋዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ውሃ አፍስሼ አላውቅም። እንቁላሏ ተነቃነቀች። አንዴ በወገቧ ዞረች። የሹሙ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይጸልዩ ይሆን ይቁጠሩ አላውቅም። ከዚያ ትልቁ ዳሌዋ ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ እንዳለችም ቀረች። ቀስ ስንል የሚንቀጠቀጠው መኪና ስንፈጥን እርግት አለ።

ውጪውም ውስጡም ተቆርጦ እስኪያልቅ ከወፍጮ ቤት ሁለት ቁና ተፈጭቶ አልወጣም። ስንዱ መኪናውን አቆመች። ሹም ወንድይራድ ጠጋ ብለው እንቁላሏን በአንድ ጣት ነኩ፣ ሙሉ ናት። መዝገባቸውን አወጡ። በዚያ አገር ከታየው መኪና ሁሉ እጅግ ፈጣኑ ፊት ቆመው፣ በሚያምር እጅ ጽሕፈታቸው፣ “ዝግተኛ” ብለው ጻፉ። ፊርማቸውንም አኖሩ። አንድ ቃል አልዋሹም።

ቀለበቱን በቀጥቃጩ እቶን አግላ ቅርጽህ ይህ ነው ብላ አስተማረችው። ከቀዘቀዘ በኋላ ሾጣጣ እንጨት በመዶሻ እያስገባች፣ እንዳይሰነጠቅ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት፣ በግድ አሰፋችው። በሠላሳኛው ቀን ወደ መተላለፊያው ወረድን። በዳበሳ ሁለቱን የቧንቧ ጫፎች አጋጥማ ቀለበቱን አጠለቀችላቸው። ልል ነው፤ በጣት ሲነኩት ይዞራል። የቀረው ፍል ውሃ ነው።

አሁን የከተማችንን ጥፋት ስሙ። ውሃው የሚፈላው ደጅ፣ ከጋዙ ርቆ ነው። መተላለፊያው ረጅም ነው፣ ጨለማ ነው፣ ድንጋዩ ያሰናክላል፣ የእኛ ሰው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ቀስ ብሎ መሄድ እንጂ ሌላ አያውቅም። የመጀመሪያው ሰው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰ ደረሰ። አፈሰስኩት። ለብ ያለ ነው። ቀለበቱ አልሰማም። ሁለተኛው መጣ፤ ለብ ያለ። ሦስተኛው ተሰናክሎ ደፋው። ደጅ የቀረው ማገዶ ለአንድ ማንቆርቆሪያ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ፀሐይዋም ዘንበል ብላለች። የሸንጎው መልእክተኛ ውሳኔውን በክንዱ ይዞ ቆሟል።

ያን ጊዜ ከደጅ የእማማ ደብሪቱ ድምፅ መጣ። “ወዲህ በሉት።”

አንድ ሰው ጨለማ ነው እማማ ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው። እሳቸው ማንቆርቆሪያውን ይዘው ገቡ። አልዳበሱም። ቧንቧዋ ሳትዘረጋ ሃምሳ ዓመት ውሃ የቀዱበት መንገድ ነው። እኔ ከውስጥ የሰማሁት እርምጃቸውን ብቻ ነው፤ ፈጣን፣ እኩል፣ የማያመነታ። አንዲት የሚያዳልጥ ድንጋይ ነበረች፤ በላይዋ አለፉ። ሹም ወንድይራድ መንገዱ መሀል ቆመው ነበር። ሰው ሲፈጥን ማየትና ዝም ማለት ለእሳቸው ሹመት አይሆንም። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያ ጨለማ ዞሩ አልዞሩ የሚያያቸው አልነበረም፤ እሳቸው ግን ዞሩ። ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ።

“ላቀው፣ እጅህን ስጠኝ” አሉኝ። ማንቆርቆሪያው መዳፌን ጠበሰኝ። ፍል ነው። እንደ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ሁሉ፣ ሳላቋርጥ፣ በቀጭኑ፣ ዙሪያውን አፈሰስኩ። ለጥቂት ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ከብረቱ ውስጥ “ቅጭ” የሚል ትንሽ ድምፅ ወጣ። ስንዱ ቀለበቱን ለማዞር ሞከረች። አልዞረም። ሁለት ሆነን ሞከርን። አልዞረም።

እናትየው ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን አኖሩበት። “ጨብጧል” አሉ። “እንዳይለቅ አድርጎ ነው የጨበጠው።”

ውሃው ሲለቀቅ ቧንቧዋ መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ቀጥሎ ቀዘቀዘች፣ ከታች ሰፈር በኩል እልልታ ተሰማ። መልእክተኛው ውሳኔውን አጥፎ ኪሱ ከተተና አንድ ኩባያ ጠጥቶ ሄደ። እማማ ደብሪቱ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት በሰፈራቸው ኖሩ፤ የምትወዛወዘዋን ድንጋይ ማንም እንዳያስተካክልባቸው እየከለከሉ።

ሕጉ አልተቀየረም። እንቁላል አሁንም ይቀመጣል። ሹም ወንድይራድ ግን ከዚያ ወዲያ መኪና ሲያዩ ስለ መዘውር መጠየቅ ተዉ፤ እንቁላሏን ያስቀምጣሉ፣ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ ያዩትን ይጽፋሉ። ለሹም ይህም ትልቅ ነገር ነው። ስንዱም ዓይኗ እስኪደክም ቆረጠች። እኔ አፈሰስኩ።

መሽቷል፣ ተነሡ። ብቻ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቀለበቱ ዛሬም እዚያ ጨለማ ውስጥ ቧንቧዋን ጨብጦ አለ። ያ ብረት ቅርጹን አይረሳም፤ ቅርጹን የሰጠችውን እጅ ግን አያውቅም፣ ፍል ውሃ ይዛ በጨለማ የመጣችለትንም አያውቅም። እሱ የማያስታውሰውን እናንተ አስታውሱልኝ። ስንዱና ደብሪቱ ይባሉ ነበር።